በከፊል የተቀደደ የትከሻ ጅማት ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ምን ይሆናል?



«ኤምአርአይ ተነሥቼ የትከሻህ ጅማት በከፊል ተቀዷል ተባልኩ። ካልተሠራ ይበጠሳል ወይ?» ብዙዎቻችሁ ለራሳችሁም ለእናት አባታችሁም የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። መልሱ እንዴት እንደተገኘ ታሪኩን ባጭሩ ላጫውታችሁ። (ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክንዳችንን የሚያነሡና የሚያዞሩ አራት ጡንቻዎች አሉ። ጅማቶቻቸው የክንድ አጥንትን አናት እንደ ቆብ ያቅፉታል። ኧርነስት ኮድማን የተባለ የቦስተን ሐኪም በ1909 ከእነዚህ አንዱን፣ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማት፣ ሰፋ። ኮድማን «ሐኪም ያከመውን ሰው ሁሉ ተከታትሎ ዳነ ወይስ አልዳነም፣ ካልዳነስ ለምን፣ ብሎ መመዝገብ አለበት» የሚል አቋም ነበረው። ይህም ከባልደረቦቹ ጋር አጋጭቶታል። በ1934 ስለ ትከሻ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚያያዝበት ጠርዝ ላይ የሚጀምር ከፊል ቅድም እንዳለ ገለጸ።

ይህ ቅድ ሳይነካ ቢተው ወዴት ይሄዳል? ይህን ለማወቅ እንደ ኮድማን መከታተል ያስፈልግ ነበር። በ1994 የጃፓን ሐኪሞች ያለ ቀዶ ሕክምና የታከሙ 40 ከፊል ቅዶችን፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ቀለም በመርፌ አስገብተው በሚያነሡት ራጅ ተከታተሉ። 21ዱ ሰፍተው፣ 11ዱ ሙሉ በሙሉ ተቀደው ተገኙ። 4ቱ ጠበቡ፣ 4ቱ ደግሞ ጠፉ።

ያስፈራል? በማግሥቱ በ1995 የወጣ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ትከሻቸውን ፈጽሞ የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ተነሡ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑት 54 በመቶዎቹ ጅማታቸው በከፊል ወይም በሙሉ ተቀዶ ተገኘ። ቅድ ኖሮ ሕመም ላይኖር ይችላል ማለት ነው።

በ2015 ደግሞ የአሜሪካ ተመራማሪዎች የማያም ቅድ ያለባቸውን ሰዎች በአልትራሳውንድ ለ5 ዓመት ያህል መከታተላቸውን አሳወቁ። ከከፊል ቅዶቹ 44 በመቶው ሰፋ፤ ከሙሉ ቅዶቹ ደግሞ 61 በመቶው። ቅዱ የሰፋባቸው ሰዎች አዲስ ሕመም የመጀመር ዕድላቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ይህ ነው፦ ሕመሙ ጠፋ ማለት ቅዱ ገጠመ ማለት አይደለም፤ ቅድ አለ ማለትም ወዲያው ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ለአብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚታዘዘው ለጥቂት ወራት በትዕግሥት የሚሠራ ፊዚዮቴራፒ ነው። ቢሻላችሁም ቀጠሯችሁን አታቋርጡ። ሕመሙ ከተመለሰ ወይም ክንዳችሁ እየደከመ ከሄደ እንደገና ታዩ። ወድቃችሁ ወይም ከባድ ነገር አንሥታችሁ ድንገት ክንዳችሁን ማንሣት ካቃታችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።

መልካም ጤና!