በሥነ ምግብ ድረ ገጾች ላይ የጎብኚዎች የግል ዳታና የኩኪዎች አያያዝ

ስለ አመጋገብ መረጃ የሚሰጥ ድረ ገጽን የሚጎበኝ ሰው ስሙን ሳይጽፍም ስለ ራሱ ብዙ ሊገልጽ ይችላል። ለስኳር ሕመምተኛ የሚስማማ ምግብ የፈለገ፣ ስለ እርግዝና ወራት አመጋገብ ደጋግማ ያነበበች ወይም በጾም ወቅት ፕሮቲን ከየት እንደሚገኝ የሚያብራራውን ገጽ የከፈተ ተገልጋይ ስለ ጤናው፣ አንዳንዴም ስለ እምነቱ ፍንጭ ይሰጣል። ጤናም ሆነ ሃይማኖት በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው የግል ዳታዎች መካከል ናቸው። የአዋጁን አፈጻጸም የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲሆን፣ የግል ሕይወት የመከበር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠ ነው።

ድረ ገጹ ሲከፈት አንዳንድ መረጃዎች ወዲያውኑ ይመዘገባሉ። እነዚህም የአይፒ አድራሻ፣ የብሮውዘሩ ዓይነት፣ የተከፈተው ገጽና ሰዓቱ ናቸው። ይህ መዝገብ ለደኅንነትና ለብልሽት ጥገና ያስፈልጋል። ሆኖም ሥራው ካለቀ በኋላ ለዓመታት የሚቀመጥበት ምክንያት አይኖርም።

ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ጎብኚው ራሱ በቅጽ ላይ የሚሞላው መረጃ ነው። ለምሳሌ የክብደትና የቁመት ምጣኔ የሚሰላው ክብደትን በኪሎ ግራም ወስዶ፣ በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ውጤት በማካፈል ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ቁመቱ 1.60 ሜትር የሆነ ሰው ምጣኔው 23.4 ገደማ ይሆናል። ይህ ስሌት በተገልጋዩ ስልክ ላይ ብቻ ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ስም፣ ስልክ ቁጥርም ሆነ ኢሜይል አይጠይቅም። በተመሳሳይ ሁኔታ ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው በመሆኑ፣ ምክር ለመስጠት የሕፃኑን ዕድሜ በወራት ማወቅ ይበቃል፤ ሙሉ የልደት ቀንና ስም አያስፈልግም። ከዓላማው በላይ የሚጠይቅ ቅጽ ሲያጋጥም ተገልጋዩ «ይህ ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው። መልስ ካላገኘም ቅጹን ባይሞላ ይመረጣል።

ኩኪ ማለት ድረ ገጹ በጎብኚው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጠው አነስተኛ የጽሑፍ መዝገብ ነው። የተመረጠውን ቋንቋ የሚያስታውስ ወይም መለያ ይዞ የገባ ሰው ከገጽ ወደ ገጽ ሲሄድ እንዳይወጣ የሚያደርግ ኩኪ ለአገልግሎቱ አስፈላጊ ነው። አንዳንዱ ብሮውዘሩ ሲዘጋ ይጠፋል፤ ሌላው ለወራት ይቆያል። ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው ከሦስተኛ ወገን ኩኪዎች ነው። በገጹ ውስጥ የተካተተ የሌላ ድርጅት ቪዲዮ፣ ማስታወቂያ ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ቁልፍ ጎብኚው ባይነካውም እንኳ የትኛው ገጽ እንደተከፈተ ለባለቤቱ ሊያሳውቅ ይችላል። ስለ ደም ማነስ ያነበበ ሰው በማግስቱ የብረት ማዕድን እንክብል ማስታወቂያ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ቢያገኝ ይህ በአጋጣሚ የሆነ ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ አስፈላጊ ያልሆኑ ኩኪዎች ከመቀመጣቸው በፊት ፈቃድ መጠየቁ ተገቢ ነው። ፈቃዱ በነፃነትና በግልጽ የሚሰጥ፣ ለተወሰነ ዓላማ የሆነና በማንኛውም ጊዜ ሊነሳ የሚችል መሆን ይገባዋል። «ሁሉንም እቀበላለሁ» የሚለው በትልቁ ተጽፎ «አልቀበልም» የሚለው በሦስት ገጾች ውስጥ ከተደበቀ፣ የተሰጠው ፈቃድ በነፃነት ተሰጥቷል ለማለት ያስቸግራል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ ወገኖችም ከግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ በሆነው የኅብረቱ አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ የተሰጣቸው መብት አላቸው።

በቤተሰብ የጋራ ስልክ ወይም በኢንተርኔት ቤት የሚጠቀም ሰው ሌላ ጥንቃቄም ማድረግ ይኖርበታል። እርግዝናዋን ለቤተሰብ ገና ያልገለጸች እናት ስለ ፎሊክ አሲድ ያነበበችውን ቀጥሎ ስልኩን የሚይዘው ሰው በታሪክ መዝገቡ ላይ ሊያየው ይችላል። በግል መስኮት መክፈት ወይም ሲጨርሱ በብሮውዘሩ ቅንብር ገብቶ የታሪክ መዝገቡንና ኩኪዎቹን ማጥፋት ይህን ይከላከላል። የግል መስኮት ግን ከስልኩ ቀጣይ ተጠቃሚ እንጂ ከድረ ገጹ ባለቤት አይሰውርም።

ኩኪዎችን ከስልክ ማጥፋት በድረ ገጹ ቋት የተመዘገበውን አያጠፋም። መለያ የከፈተ ወይም ቅጽ የሞላ ተገልጋይ ስለ እሱ የተያዘውን ዳታ ለማየት፣ ስሕተት ካለ ለማስታረም ወይም እንዲሰረዝ ለመጠየቅ ለድረ ገጹ ባለቤት በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። በማመልከቻው ላይ የተመዘገበበትን ኢሜይል ወይም ስልክ ቁጥርና የሚጠይቀውን ነገር ለይቶ መግለጽ፣ የላከበትን ቀን የሚያሳይ ቅጂም መያዝ አለበት። ምላሽ ካላገኘ ወይም በምላሹ ካልረካ፣ ቅጂውን አያይዞ አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ያቀርባል።