ፓታያን ማን ቆረቆራት?

ሰኔ 22 የፓታያ የልደት ቀን ነው ይባላል። በ1951 ዓ.ም. በዚያ ቀን፣ በፈረንጆቹ ጁን 29 ቀን 1959 መሆኑ ነው፣ አምስት መቶ ያህል የአሜሪካ ወታደሮች በታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ከምትገኘው ከኮራት ተነሥተው በአራት ወይም በአምስት የጭነት መኪና አንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረሱ። በባሕሩ ዳርቻ ደቡባዊ ጫፍ ፕራያ ሱንቶርን ከሚባሉ ባለማዕረግ ቤቶች ተከራይተው ሳምንት ያህል ዋኙ፣ ጠጡ፣ አረፉ። ወደ ጦር ሰፈራቸው ሲመለሱ ያዩትን ለጓደኞቻቸው አወሩ፤ ጓደኞቻቸውም ተከትለው መጡ። ዛሬ በዓለም ላይ በወሲብ ቱሪዝም ስሟ ቀድሞ የሚነሣው ከተማ በዚህ መልኩ ተወለደች ይላል ታሪኩ። የጉዞ መጻሕፍት ይህንኑ እየተቀባበሉ ያትሙታል፤ እኛም በዚሁ እንጀምር። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች፣ የእኛ ነው ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ፓታያ ከባንኮክ በመንገድ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቾንቡሪ ክፍለ ሀገር፣ በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ዳር ትገኛለች። በ1767 አዩታያ በበርማ ጦር እጅ ከመውደቋ በፊት፣ በኋላ ንጉሥ የሆነው ታክሲን ከነሠራዊቱ በዚህ በኩል ማለፉ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ስለ ቦታዋ ጎልቶ የተጻፈ ነገር የለም። ዓሣ ይጠመዳል፣ ይደርቃል፣ ይሸጣል።

የጭነት መኪኖቹ ታሪክ ግን ሲመረመር ይሳሳል። በ1959 ከኮራት አምስት መቶ አሜሪካውያን ወታደሮች ተነሡ ለማለት መጀመሪያ ኮራት ላይ አምስት መቶ አሜሪካውያን ሊኖሩ ይገባል። የአሜሪካ አየር ኃይል በኮራት ሥራ የጀመረው በኤፕሪል 1962 ነው፤ የመጡትም አንድ መኮንንና 14 የበታች አባላት ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር በላኦስ ቀውስ ምክንያት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሺዎች የሚቆጠር ጦር ወደ ታይላንድ ላኩ። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት በአብዛኛው ወታደራዊ አማካሪዎች ነበሩ። ሲያቶ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያ የጦር ቃል ኪዳን ዋና ጽሕፈት ቤቱ ባንኮክ ስለነበር፣ ለጦር ልምምድ መጥተው የተመለሱ ወታደሮችም ነበሩ። ስለዚህ ጥቂት መኪናና ጥቂት ወታደር ባሕር ዳር ደርሶ ሊሆን ይችላል። አምስት መቶ ሰው ነበር፣ እነሱም የአንድ ከተማ መሥራቾች ናቸው የሚለውን ግን ለመቀበል ይከብዳል።

በሌላ በኩልም ቢሆን ታሪኩ አይጸናም። ወታደሮቹ አገኟት የምትባለው ፓታያ ማንም የማያውቃት መንደር አልነበረችም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ በ1957፣ የውጭ አገር ሰዎችና ባለሀብት ታይላንዳውያን ቫሩና የተባለውን የጀልባ ክበብ በዚያው ዳርቻ መሥርተው ነበር። የባንኮክ መኳንንትና ነጋዴዎች ለቅዳሜና እሑድ ይመጡባት ነበር። ፕራያ ሱንቶርን የሚያከራዩት ቤት በባሕሩ ዳር የነበራቸውም ይህ አካባቢ ቀድሞውኑ የሹማምንት ማረፊያ ስለነበረ ነው። ንጉሥ ቡሚቦል ራሳቸው የሸራ ጀልባ ነጂ ነበሩ፤ ክበቡንም በ1965 በንጉሣዊ ጥበቃቸው ሥር አደረጉት። በዲሴምበር 1967 በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች የጀልባ ውድድር፣ እዚያው ፓታያ ላይ፣ ንጉሡና ልጃቸው ልዕልት ኡቦልራታና የወርቅ ሜዳሊያውን በእኩል ተጋርተው አሸነፉ። የታይላንድ የስፖርት ቀን እስከ ዛሬ የሚከበረው ይህንን በማስታወስ ነው።

ያንኑ 1967 በደንብ እንየው፤ እኔ ፓታያ የተቆረቆረችው በዚያ ዓመት ነው እላለሁ። ከከተማዋ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ኡ-ታፓኦ የሚባል የአየር ጦር ሰፈር አለ። ግንባታው በ1965 ተጀመረ፤ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የማያንስ ማኮብኮቢያ ተነጠፈለት። በአቅራቢያው ባለችው ሳታሂፕ የጦር መርከብና የነዳጅ ወደብ ተሠራ። በኤፕሪል 1967 ቢ-52 የተባሉት ግዙፍ ቦምብ ጣዮች ገቡበት። አሜሪካ በሰሜን ቬትናም ላይ ከፈጸመችው የአየር ጥቃት 80 በመቶ ያህሉ የተነሣው ከታይላንድ መሬት እንደነበር በስፋት ይጠቀሳል። በጦርነቱ ግለት ወቅት በአገሪቱ የነበሩት አሜሪካውያን ወታደሮች 50,000 ገደማ ደርሰዋል። በዚያው በ1967 የታይላንድ መንግሥትና የአሜሪካ ጦር ቬትናም ውስጥ የሚዋጉ ወታደሮች ለእረፍት ታይላንድ እንዲመጡ ስምምነት አደረጉ። አንድ ወታደር በዓመት የግዳጅ ዘመኑ ከአገር ውጭ አንድ ሳምንት ያህል የእረፍት ፈቃድ ነበረው፤ ኪሱም በደመወዝ የተሞላ ነበር። ሞት ደጁ ላይ ለቆመ ወጣት አንድ ሳምንት ምን እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ሕጉም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1960 የፊልድ ማርሻል ሳሪት ታናራት ወታደራዊ መንግሥት ዝሙት አዳሪነትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ቅጣቱ በሴቶቹና በአገናኞቹ ላይ ነበር፤ ገላ ገዢውን አልነካውም። የአገሪቱ የቱሪስት ድርጅት ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በታኖም ኪቲካቾርን ዘመን፣ የመዝናኛ ቤቶች ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ መጠጥ ቤቶች፣ የዳንስ አዳራሾችና የመታሻ ቤቶች እንግዳ አጫዋች ሴቶችን ይዘው በፈቃድ እንዲሠሩ አደረገ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነባቸው ሴትዮዋ ወንጀለኛ ሆና ቤቱ ሕጋዊ ሆነ። ባለቤቱ የንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይሠራል፤ እሷ ግን ፖሊስ በፈለገ ጊዜ ትያዛለች። ከዚያ ወዲህ ላለው ጉቦና «ከለላ» ሁሉ ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

ገንዘቡ የሚዞርበት መንገድም የተሠራው ለዚሁ እንዲመች ሆኖ ነው። ደንበኛው ለሴቲቱ መጠጥ ሲጋብዝ ዋጋው ከተራው መጠጥ ይበልጣል፤ ከልዩነቱ ጥቂቱ ለእሷ፣ ቀሪው ለቤቱ ነው። ይዟት ሊወጣ ከፈለገ ከሥራ ማስለቀቂያ ብሎ ለባሩ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል የሚሆነው ቤቱን «አይመለከተውም»። ባለቤቱ አንድም ጊዜ በወሲብ ንግድ ስሙ ሳይነሣ ከእያንዳንዱ እርምጃ ያገኛል።

ሴቶቹ ከየት መጡ? ብዙዎቹ ኢሳን ከሚባለው ሰሜን ምሥራቁ ክልል ነው። መሬቱ ዝናብ ጠባቂ፣ ሩዙ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ፣ ከአገሪቱ እጅግ ድሃ የሆነ አካባቢ ነው። ትላልቆቹ የአሜሪካ አየር ሰፈሮች ኮራት፣ ኡዶርንና ኡቦንም እዚያው ኢሳን ውስጥ ነበሩ፤ ስለዚህ የባር ሥራ የደረሰባቸው መጀመሪያ በራሳቸው ቀዬ ነው። የምጣኔ ሀብት ምሁሯ ፓሱክ ፖንግፓይቺት ባንኮክ ውስጥ 50 የመታሻ ቤት ሠራተኞችን አነጋግራ በ1982 የዓለም የሥራ ድርጅት ያሳተመላት ጥናት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ያገኘችው ሴቶቹ ከቤተሰብ የኮበለሉ ሳይሆኑ የቤተሰብ ምሰሶዎች መሆናቸውን ነው። በላኩት ገንዘብ ለወላጆቻቸው ቤት ሠርተዋል፣ ታናናሾቻቸውን አስተምረዋል። ከቤይሩት ወይም ከጅዳ በምትልከው ገንዘብ የገጠር ቤቷ በቆርቆሮ የተከደነላትን እህታችንን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሥራው ይለያያል፤ ሰሚው «ጥላን ሄደች» የሚላት፣ እሷ ግን ቤት ሙሉ ሰው ተሸክማ የምትኖር መሆኗ አንድ ነው።

ከእረፍት ስምምነቱ ጀርባ ስለነበሩት ፈራሚዎች ሲነሣ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣል፤ ሮበርት ማክናማራ። ከ1961 እስከ 1968 መጀመሪያ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ነበሩ፤ የእረፍት ስምምነቱም የተደረገው በእሳቸው ዘመን ነው። ከዚያው ወንበር ተነሥተው በቀጥታ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ እስከ 1981ም ቆዩ። ተቺዎች ወታደር አምጥቶ የመዝናኛውን ገበያ የፈጠረው ሰው፣ ወታደሩ ሲወጣ ገበያውን ለቱሪስት እንዲያዞሩ የመከረውም ራሱ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የባንኩ ምክር ለብዙ ድሃ አገሮች የተሰጠ ተራ ምክር ነበር፣ የታይላንድ ጄኔራሎችም ገንዘቡን ለማየት ማንም አላስፈለጋቸውም ብለው ይመልሳሉ። የአንድን ሰው እጅ ከሁሉ በላይ ማድረግ ተገቢ ባይሆንም፣ ከጭነት መኪኖቹ ተረት ይልቅ ይህኛው ወደ እውነት የቀረበ ነው። ቢያንስ ፊርማ የሚባል ነገር እንዳለ ያስታውሳል።

ጦሩ ወጣ። በኦክቶበር 1973 ተማሪዎች ወታደራዊውን መንግሥት ጣሉ፤ በ1975 የኩክሪት ፕራሞጅ መንግሥት አሜሪካውያኑ እንዲወጡ ጠየቀ፤ በጁላይ 1976 መውጣታቸው ተጠናቀቀ። በዚያን ጊዜ የፓታያ ነገር አብቅቶ ቢሆን ኖሮ የጭነት መኪኖቹ ተረት እውነት በሆነ ነበር። አላበቃም። አልጋው፣ ባሩ፣ መንገዱ፣ ፈቃዱ ሁሉ ቆሞ ነበር። የወታደሩን ቦታ በቡድን የሚበሩ የአውሮፓ ጎብኚዎች ያዙት፤ በተለይም ጀርመኖች። ከዚያ የባሕረ ሰላጤው አረቦች፣ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ሩሲያውያን፣ በየተራ መጡ። በ1978 ፓታያ በልዩ ሕግ ራሷን የምታስተዳድር ከተማ ሆነች፤ የተሰጣትም በቅጥር ሥራ አስኪያጅ የሚመራ፣ ከአሜሪካ የተቀዳ የከተማ አስተዳደር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሕሩ በፍሳሽ ተበክሎ ለዋናተኛ አስጊ እስከመሆን ደረሰ።

ወታደሮቹ ጥለዋቸው የሄዱ ልጆችም ነበሩ። ሬይመንድ ብሬናን የተባሉ አሜሪካዊ ካቶሊክ ካህን በ1970ዎቹ ለተጣሉ ሕፃናት በፓታያ ማሳደጊያ ከፈቱ፤ በ2003 እስኪያርፉም ከዚያው አልተለዩም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1982 ባወጣው ሕግ ከታይላንድ ጭምር የአሜሪካውያን ልጆች እንዲገቡ ፈቀደ፤ እናቶቻቸውን ግን አልጨመረም። በ1987 የወጣው ሰፋ ያለው ሕግ ደግሞ ለቬትናም ልጆች ብቻ ነበር። የታይላንዶቹ ቀሩ።

ዛሬ በፓታያ ሰማይ ላይ የሚታዩት ፎቆች የዚያው ታሪክ ቀጣይ ናቸው። በታይላንድ ሕግ የውጭ ዜጋ መሬት በስሙ ሊይዝ አይችልም፤ ከአንድ የጋራ ሕንፃ ግን እስከ 49 በመቶው ድረስ መግዛት ይፈቀድለታል። መሬት የፈለገ ደግሞ ለ30 ዓመት ይከራያል፣ ወይም በታይላንዳውያን ስም ኩባንያ ያቋቁማል፣ ወይም በሚስቱ ስም ይገዛል። ኡ-ታፓኦ ዛሬ የሲቪል አውሮፕላኖችም የሚያርፉበት ነው፤ በ2018 በሕግ የጸናው የምሥራቅ ኢኮኖሚ ቀጣና አንዱ ዓምድ እንዲሆንም እየተስፋፋ ነው። በ2019 ወደ ታይላንድ 40 ሚሊዮን የሚጠጋ ጎብኚ ገባ። በቀጣዩ ዓመት በኮቪድ ድንበር ሲዘጋ በፓታያ ምግብ ለመቀበል ረጅም ሰልፍ ተሰለፈ። ዝሙት አዳሪነት በአገሪቱ ሕግ ያን ጊዜም ክልክል ነበር፤ ስለዚህ ሥራ ያጡት ሴቶች በዚያ ሥራቸው «ሥራ አጥ» ተብለው ሊመዘገቡ አይችሉም ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1953 በተፈረመ የ25 ዓመት ውል አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ የቃኘው ጣቢያ፣ ወታደሮቹን ለእረፍት ምጽዋ ይልክ ነበር፤ በየመንገዱ የተከፈቱትን ቡና ቤቶች የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬም አሉ። አሁን ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2017 ዓ.ም. የውጭ ዜጎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ አጽድቋል፤ ዝቅተኛው የገንዘብ መጠን 150,000 ዶላር ነው። የውጭ ገንዘብ መምጣቱን አልቃወምም፤ ያስፈልገናል። ነገር ግን አዋጁን የሚያስፈጽሙ አካላት እያንዳንዱን የሐይቅ ዳር ውል ለሕዝብ ክፍት ያድርጉ፤ ማን ፈረመ፣ ለስንት ዓመት፣ በማን ስም የሚለው ይታወቅ። የሐዋሳ፣ የቢሾፍቱና የባሕር ዳር ነዋሪዎችም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይጠየቁ። በሆቴሎቹ የሚቀጠሩት ወጣት ሴቶች የሥራ ውል ይኑራቸው፤ ሲበደሉ የሚከሱበት፣ ከሳሽ ሆነው ሳለ ተከሳሽ የማይሆኑበት ሕግ ይጻፍላቸው።