የወረንጦዋ ነገር

እስኪ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሬ የሚነሳው ከጉና ተራራ ሥር ነው። ጉና ራሱን በጉም ጠምጥሞ በምሥራቅ ጋይንትን፣ በደቡብ እስቴን ቁልቁል ያያል። ከእስቴ ወዲያ ስማዳ አለ። ከስማዳ ወዲያ ምድሩ እየተሰነጠቀ ይወርድና በበሽሎና በዓባይ ገደል ያልቃል።

በዚህ አገር ገበያ ቀን ሴቶቹን ልብ ብላችሁ እዩ። ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ትንሽ ወረንጦ ያንጠለጠሉ ታያላችሁ። እሾህ መንቀያ ነው ትሉ ይሆናል። አልተሳሳታችሁም፤ እሾሁ ግን ያለው ዓይን ውስጥ ነው።

አንዲት እናት እናስብ። ስም አላወጣላትም፤ እንደሷ ያሉት ብዙ ናቸውና። ጎህ ሲቀድ፣ ምድጃው ሳይጨስ፣ ፀሐይዋም ሳትከር የልጅ ልጇን ትጠራለች፦ «ና እስኪ የኔ ጌታ፣ ያንተ ዓይን ደህና ነው፤ ይችን ንቀልልኝ»። ልጁም በብርሃኑ በኩል ቁጢጥ ይልና «እምዬ፣ አትነቃነቂ» እያለ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይለቅማል። ለጥቂት ቀን እፎይ ትላለች። የተነቀለው ፀጉር መልሶ ሲበቅል ግን አጭርና ሻካራ ሆኖ ነው፤ ዓይኗን በከደነችና በገለጠች ቁጥር ይፍቃታል። እንጀራ ስትጋግር ጭሱ፣ ስታርም ፀሐዩ፣ ስትተኛም ያው ፀጉር አለ።

በሽታውን ያገሬው ሰው ማዝ ይለዋል፤ ሐኪሞቹ ትራኮማ ይሉታል። አመጣጡ እንዲህ ነው። ዓይን አር ያለበት ሕፃን ላይ ዝንብ ያርፋል፤ ያው ዝንብ ሄዶ ሌላው ሕፃን ላይ ያርፋል። ይህች ዝንብ መፈልፈል የምትወደው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። እናትም የልጇን ፊት በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ በዚያው የራሷን ትጠርጋለች። በሽታ አምጪው ተሕዋሲ አንዴ ቢይዝ ይድናል። ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዓይኑ ቆብ ውስጡ ይጠባሰሳል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ሽፋሽፍቱም ተገልብጦ የዓይኑን መስታወት ይሞርዳል። ልጅ የሚያቅፉት ሴቶች ስለሆኑ ዕዳውም የሚከብደው በነሱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በመላ ኢትዮጵያ የዓይን ጥናት ተደርጎ ነበር። በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ለአቅመ አዳምና ሔዋን ከደረሱት ደግሞ 5.2 በመቶው ሽፋሽፍታቸው ተቀልብሷል። ከመቶ ሰው አምስት! ሠርግ ቤት ገብታችሁ ዳስ ሙሉ ሰው ብትቆጥሩ ስንቱ ዓይኑን ሲያሽ ታገኙ ነበር?

ያን ጊዜ ከዓባይ ማዶ፣ ከእስቴ ፊት ለፊት ባለችው ጎንቻ ሲሶ እነሴ ሌላ ታሪክ እየተሠራ ነበር። ተመራማሪዎች አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለመንደሩ ሰው ሁሉ፣ የታመመ ያልታመመ ሳይሉ ያድላሉ። መጠኑን የሚለኩት በቁመት ነው፤ ሰው በእንጨት ዘንግ አጠገብ ይቆማል፣ እንክብሉ ይቆጠርለታል፤ ለልጆች ሽሮፕ ነው። አንዳንዱን መንደር በዕጣ አስቀድመው አከሙ፤ አንዳንዱን በኋላ እንዲታከም አቆዩት። በ2012 ዶክተር ተሾመ ገብሬና ባልደረቦቻቸው እንደጻፉት፣ በዓመት አንዴ በታከሙት መንደሮች 41.9 በመቶ ሕፃናትን ይዞ የነበረው ተሕዋሲ በ42 ወር ወደ 1.9 በመቶ ወረደ።

ተመራማሪዎቹን ያስደነገጠው ግን የዓይኑ ነገር አልነበረም። መዝገቡን ሲያገላብጡ፣ ከታከሙት መንደሮች ይልቅ ሕክምናው በዘገየባቸው መንደሮች ብዙ ሕፃን ሞቶ አገኙ። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ የሞት ዕድሉ በታከሙት መንደሮች በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ለዓይን የተሰጠው ሽሮፕ የሳንባውንና የተቅማጡንም ሕመም ሳይገታው አልቀረም። ወሬው በ2009 ታተመ። ከዚያ ወዲያ ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ላይ በሰፊው ተፈተነ፤ በ2018 የወጣው ውጤትም የትንንሽ ልጆች ሞት በ13.5 በመቶ መቀነሱን አሳየ። የዓባይ ማዶ ገበሬ ልጅ ዘንግ ተደግፎ የተለካው ልክ ሰሃራ ጫፍ ድረስ ተሰማ ማለት ነው። ስለዚህ ሲነገር ብዙም አልሰማም፤ የገረመኝም እሱ ነው።

አሁን ወደ ወረንጦዋ ልመልሳችሁ። መድኃኒቱ ተሕዋሲውን ይገድላል፤ ቆቧ የታጠፈባትን እናት ግን አያቃናትም። ለሷ ያለው ቀዶ ጥገና ነው። እሷ ደግሞ ትፈራለች፤ ፍርሃቷም ምክንያት አለው። ጎረቤቷ ተሠርታ ፀጉሩ ተመልሶባታል። የሚመራት ሰው የለም፤ ሰብሉ አልተሰበሰበም፤ ዓይንን በምላጭ መንካትስ ቀላል ነገር ነው? እናም ወረንጦዋን ይዛ ቁጭ አለች። ባለሙያው ይቆጣል፦ «ኋላ ቀር ልማድ!» ይላታል።

እዚህ ላይ ነው ተመራማሪዎቹን የማመሰግናቸው። መቆጣቱን ትተው ወረንጦዋን ራሷን ፈተኗት። በአማራ ክልል ጥቂት ፀጉር ብቻ የተቀለበሰባቸውን 1,300 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። ግማሹ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ለግማሹ ጥሩ ወረንጦ ተሰጠው፤ ቅርቡን አጥርቶ የሚያይ አንድ ሰውም እንዴት እንደሚነቀል ተማረለት። ሁለት ዓመት ጠበቁ። የ2011ዱ ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሕመሙ የጠናባቸው ከነቃዮቹ 13.2 በመቶ፣ ከተቀደዱት 2.2 በመቶ ናቸው። ምላጩ አሸነፈ። የማየት ኃይላቸውና የዓይናቸው መስታወት ሲለካ ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ቀዶ ጥገና በማይገኝበት ወይም ታካሚዋ ባልፈቀደችበት ቦታ ወረንጦ ቁም ነገር ያለው ሕክምና ነው። ያቺ እናትና የልጅ ልጇ በየማለዳው ሲሠሩ የኖሩት ሥራ ከንቱ አልነበረም።

ቀጥሎ ወደ ምላጩ ዞሩ። ፀጉሩ ተመልሶ የሚመጣው ለምንድን ነው? ከሁለት ዓይነት አቀዳደድ የትኛው ይሻላል? አንዱ ቆቡን ከውጭ ቆዳው እስከ ውስጥ ድረስ ይቀዳል፤ ሌላው ቆዳውን ሳይነካ ከውስጥ በኩል ብቻ ይቀዳል። ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው በ1,000 ታካሚ ላይ አነጻጽረው በ2016 አሳተሙት። በአንድ ዓመት ውስጥ ፀጉር የተመለሰባቸው፣ በፊተኛው 22 በመቶ፣ በኋለኛው 13 በመቶ ሆኑ። ጎረቤቷን አይታ የፈራችው ሴት ያለ ነገር አልፈራችም ነበር፤ ከአምስት አንዷ ላይ ደርሶ ነበርና።

እነዚሁ ሰዎች ሌላም ጠየቁ፤ ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ከቀዶ ጥገና በፊትና በኋላ ታካሚዎቹን ስለ ኑሯቸው አነጋገሯቸው። ሕመሙስ? ሥራውስ? ከሰው ጋር መቀመጡስ? ከዓመት በኋላ ኑሯቸው በእጅጉ ተሻሽሎ ተገኘ። የማየት አቅማቸው ምንም ያልጨመረላቸው ሰዎች እንኳ ተሽሏቸው ነበር። ስለ ትራኮማ ስንሰማ የኖርነው ስለ መታወር ነው፤ ገንዘቡም የሚለመነው፣ ፖስተሩም የሚሣለው በዓይነ ስውርነት ስም ነው። ሴቲቱ ግን ገና ሳትታወር ሃያ ዓመት ሙሉ ታማለች። ሕመሙ ራሱ በሽታ ነው።

ሕመም ካልጠየቁት አይቆጠርም። ራስ ምታትን ውሰዱ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ገጠር ውስጥ አጥንተው በ1995 ሲያሳትሙ ማይግሬን ያለበት ሰው 3 በመቶ ነበር። እሳቸው ያሉበት ቡድን በሌላ መጠይቅ ከቤት ወደ ቤት ዞሮ 2,385 ሰው አነጋግሮ በ2016 ሲያሳትም ግን 17.7 በመቶ ሆነ። የሰው ራስ በ20 ዓመት ያን ያህል ተበላሸ ማለት ይከብደኛል፤ ጠያቂው ሳይሻሻል አልቀረም።

ውኃውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ማዝን ለመከላከል ፊት ታጠቡ፣ መጸዳጃ ቆፍሩ የሚለው ምክር የስማዳና የጋይንት ሴት ጆሮ የለመደው ነው። ውኃው ከገደል ሥር እንስራ በጀርባ ተሸክመው የሚያመጡት መሆኑን መካሪው ሁልጊዜ አያስታውስም። ተመራማሪዎች በዋግ ኽምራ 40 መንደሮችን ይዘው ለአንዱ ወገን ውኃ፣ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት ሰጥተው 3 ዓመት ተከታተሉ። በ2022 የታተመው ውጤት ግን ተሕዋሲው ላይ ልዩነት አላሳየም። ውኃ አይረባም የሚል አንድም ሰው የለም፤ ማዙን ብቻውን አላሸነፈውም ነው ነገሩ።

አንዲት ነገር ልጨምርና ልነሳ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አገር ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን አስወግዷል ለማለት በየወረዳው ከሚጠይቃቸው አንዱ ይህ ነው፦ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች መካከል፣ የጤና ተቋም የማያውቃቸው ሽፋሽፍታቸው የተቀለበሰ ሰዎች ከ1,000 ከ2 ማነስ አለባቸው። «የማያውቃቸው» የሚለውን ልብ በሉ። ቀዶ ጥገና ቀርቦላት «አይሆንም» ያለች ሴት የታወቀች ናት፤ ስለዚህ ከቁጥሩ ትወጣለች። አገሪቱ አስወገደች ተብሎ ሰርተፊኬቱ በተሰቀለ ማግስትም ሴትየዋ ፀጉር ታስነቅላለች። ለቆጠራው ይህ ደንብ ሊያስፈልግ ይችላል፤ አልከራከርም። ግን በመዝገቡ ላይ «እምቢ ያሉ» ተብሎ የተጻፈው ገጽ እንዲሁ ሊዘጋ አይገባም። በዓመቱ ሰው ልከው ደጃፏን ያንኳኩ፤ አሁንም እምቢ ካለች ጥሩ ወረንጦ ሰጥተዋት ይመለሱ።