ስለ መኪና የፊት መብራትና ስለ ሊማሊሞ መንገድ

በየመሥሪያ ቤቱ ለገጠር ሥራ የሚሰማራ መኪና ሲገዛ ወይም ሲታደስ፣ በግዥው ወረቀት ግርጌ «ተጨማሪ የፊት መብራት፣ ሁለት» የምትል አጭር መስመር ትገኛለች። ፊርማውን የሚያኖረው ሹም ስለ ሞተሩና ስለ ጎማው ብዙ ይመረምር ይሆናል፤ በዚች መስመር ላይ ግን እምብዛም አይቆምም። ቢጠይቅም «ብርቱው የትኛው ነው?» ብሎ ያልፋል። እኛ ግን የመብራትን ታሪክ ከአንድ መንገድ ታሪክ ጋር አያይዘን ብንመለከት፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የመብራቱ ብርታት ሳይሆን መኪናው የሚሄድበት መንገድና ከፊት ለፊት የሚመጣው ሰው መሆኑን እንረዳለን። የዛሬው ንግግራችን ዓላማም ይኸው ነው።

መንገዱ ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው፣ ከደባርቅም በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ ወደ 2800 ሜትር ትጠጋለች። ከዚያ ወዲያ ደጋው በድንገት ይቆረጥና መንገዱ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

ይህ መተላለፊያ ከመኪና በፊት የታወቀ ነው። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከምፅዋ የሚመጣው ነጋዴ በበቅሎና በእግር ይወጣው ነበር፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ አቀበት ነው። የዚያ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ደንቡ ቀላል ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭነቱን አራግፎ፣ እሳት አንድዶ ያድራል። ችቦና ጧፍ ለሰፈርና ለቤት እንጂ ለገደል ጉዞ እንደማይበቁ ያውቅ ነበርና። በገደል አፋፍ ላይ ሌሊት መገሥገሥን ያስለመደን ሞተር ነው፤ ለሌሊት የሚበቃ ብርሃን የመፈለግ ችግርም ከሞተር ጋር አብሮ መጣ።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያውን መኪና ወደ አዲስ አበባ ባመጣ ጊዜ፣ የዓለም መኪናዎች የፊት መብራት በአብዛኛው ነበልባል ነበር። ካርባይድ በሚባለው ጠጣር ነገር ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አሴቲሊን የተባለ ጋዝ ይወጣል፤ ያም ጋዝ በፋኖሱ ውስጥ ተለኩሶ ያበራል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. የአሜሪካው ካዲላክ ፋብሪካ ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣና መብራቱንም ከዚያው ኃይል የሚመግብ መኪና አወጣ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር በአንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር ያለው መብራት ተሠራ። ሾፌሮቻችን ረዥም መብራትና አጭር መብራት የሚሉት ልዩነት ከዚህ ጊዜ ጀምሮ በአንድ አምፖል ሊሠራ ቻለ። ልብ በሉ፤ መብራት ገና እንደበረታ መሐንዲሶቹ ያሰቡት ዝቅ ስለሚልበት መንገድ ነው።

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘች በኋላ፣ ከኤርትራ ወታደርና ስንቅ ለማመላለስ የሊማሊሞን ገደል አስፈልፍላ ለካሚዮን የሚሆን መንገድ አወጣች። በውልክፊት መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በኅዳር ወር ነፃ ወጣች። ለጠላት ጦር የተቆረጠው መንገድ ለአገር ልጅ ቀረ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህም የአገራችን መንገዶች ጥገና በአንድ ኃላፊ እጅ ገባ። ከደምቢያው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠር ጤና አገልግሎት ባለሙያ ያሠለጥን ጀመር። እንግዲህ በዚህ ዓይነት አገር ውስጥ ምጥ የጠናባትን እናት ይዞ ከደጋ ወደ ሆስፒታል የሚወርድ መኪና «ይንጋና እንሂድ» ሊል አይችልም።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተሠራው ላንድሮቨር እንዲህ ላለው መንገድ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት መኪናዎች መብራታቸው ከፊተኛው የሽቦ ወንፊት ኋላ የተቀመጠ ነበር። ወንፊቱ ከድንጋይ ፍንጣሪ ቢጠብቅም ብርሃኑን ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ዲናሞም ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይደክማል፤ መኪናው ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቀ ሲወርድ ብርሃኑ የሚቀዳው ከባትሪው ነው። ሾፌሩ አብዝቶ ማየት በሚያስፈልገው ሰዓት መብራቱ ይደበዝዛል። ዛሬ አልተርኔተር የሚባለው መሣሪያ ይህን ችግር አቅልሎታል፤ ትምህርቱ ግን አልተሻረም። 12 ቮልት ባለው መኪና ላይ እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች ቢጨመሩ 17 አምፔር ያህል ይስባሉ። ስለዚህ ወፍራም ሽቦ፣ ፊውዝና ሪሌ ሳይኖራቸው ከነባሩ ማብሪያ ጋር ማገናኘት እሳት መጋበዝ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለምርጫችን ትልቅ ትምህርት የሚሰጠው በሰኔ 1956 ዓ.ም. የሆነው ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በኢትዮጵያ መኪና የሚነዳው በግራ ነበር፤ ከሰኔ 1 ቀን ጀምሮ በቀኝ ሆነ። የትራፊክ ምልክቱ በአንድ ሌሊት ሊዞር ይችላል፤ የመብራቱ መስታወት ግን አይዞርም። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ አጭር መብራት በግራ በኩል ያለውን የመንገድ ጠርዝ እንዲያሳይ ብርሃኑን ወደ ግራ ያነሣል ወይም ያዘነብላል። መኪናው በቀኝ ሲነዳ ያ ብርሃን በቀጥታ ከፊት በሚመጣው ሾፌር ዓይን ላይ ያርፋል። በቀጥ ያለ ሜዳ ላይ ይህ ማጥበርበር ብቻ ነው፤ በሊማሊሞ ኩርባ ላይ ግን ዓይኑ የተጥበረበረው ሰው በአንድ ጎኑ ግንብ፣ በሌላው ጎኑ ገደል አለው። በዛሬው ገበያም ለግራ መንገድ የተሠራ መብራት ሊያጋጥም ይችላል። የአውሮፓን ደንብ ተከትሎ በተሠራው የፊት መብራት መስታወት ላይ፣ ከፊት ሆኖ ለሚያየው ሰው ወደ ቀኝ የምታመለክት ቀስት ካለች መብራቱ በግራ ለሚነዳበት አገር ብቻ ነው፤ ቀስቷ ባለ ሁለት ጫፍ ከሆነች ለሁለቱም ይሆናል፤ ቀስት ከሌለው በቀኝ ለሚነዳበት አገር ነው። ወረቀቱን የሚፈርመው ሹም ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልገውም።

ከዚያ በኋላ የብርታት ዘመን መጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. ሃሎጂን፣ በ1991 ዓ.ም. ዜኖን፣ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በትንሽ ኃይል ብዙ የሚያበራው ኤል ኢ ዲ በፊት መብራትነት ተራ በተራ ገቡ። ነገር ግን ብርሃን በራቀ መጠን እጅግ ይሳሳል፤ ሁለት እጥፍ ርቆ ለማየት አራት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ርቆ ለማየት ዘጠኝ እጥፍ ብርሃን ያስፈልጋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 11 ሜትር ይጓዛል፤ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ያ ርቀት አልፏል። ጠባብና ሩቅ የሚወረወር ብርሃን በደምቢያ ሜዳ ላይ ይጠቅማል። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ግን መንገዱ ሲታጠፍ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ይሄድና ባዶውን ገደል ያበራል፤ ኩርባው ውስጥ ጥቁር ባና ለብሶ አህያውን የሚነዳው ገበሬ በጨለማ ይቀራል። ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚያስፈልገው ሰፊና አጠር ያለ ብርሃን ነው።

ጉምም አለ። በክረምት የሰሜን ተራሮች ጉም በደባርቅ አፋፍ ላይ ሲተኛ፣ እያንዳንዷ የውሃ ቅንጣት ብርሃኑን ወደ ሾፌሩ ትመልሰዋለች። ረዥሙን መብራት ያበራ ሰው ነጭ ግድግዳ በፊቱ ያቆማል፤ በበጋም ከፊተኛው መኪና የሚነሣው አቧራ እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ የጉም መብራት ከመኪናው ግንባር በታች ዝቅ ብሎ ይታሠራል፤ ብርሃኑም ከላይ የተቆረጠ፣ ወደ ጎን የተዘረጋ መሆን አለበት። በጣራ ላይ የሚደረደረው መብራት ለዓይን ያማረ ቢመስልም፣ በጉም ጊዜ ብርሃኑ በሾፌሩ እይታ ፊት ያልፋልና ጉዳቱ ይብሳል። ፈረንሳይ ከ1936 ዓ.ም. ሕግ አንሥቶ እስከ 1993 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር መኪናዎቿ ቢጫ መብራት እንዲይዙ አዝዛ ነበር፤ በጉም ውስጥ ግን ከቀለሙ ይልቅ የሚረዳው የብርሃኑ ቅርጽና ዝቅታው ነው።

እንግዲህ ለሰሜን ጎንደር ደጋ የሚሰማራ መኪና ያላቸው ሹማምንት በቅድሚያ ነባሩን መብራት ያስመርምሩ፤ መስታወቱ ይጽዳ፣ ቀስቱ ይታይ፣ ከፍታው በግድግዳ ፊት ይስተካከል። ይህም መኪናው ጭነቱን እንደ ያዘ ይሁን፤ ኋላው ሲከብድ አፍንጫው ቀና ይላልና አጭሩ መብራት እንኳ የሰው ዓይን ይወጋል። ከዚያም አንድ ጥንድ የጉም መብራት ይታዘዝ። የሩቁ መብራት ከሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ሌላ መኪና ሲመጣም ከረዥሙ መብራት ጋር አብሮ የሚጠፋ ይሁን። ጉዞው ሊቆይ የሚችል ከሆነ ግን የጥንቱ ነጋዴ ደንብ ዛሬም አላረጀም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና ደባርቅ አድሮ በጠዋት መውረድ ይሻላል።

ውድ አንባብያን ሆይ፤ በቢሮ ተቀምጠን የምንፈርማት አጭር መስመር በሌሊት ሊማሊሞ ላይ ብርሃን ሆና ትወጣለች። የእኛን ሾፌር መንገድ ስታሳይ የሌላውን ዓይን ካጠፋች ግን ሥራዋን አልፈጸመችም። ሁለቱ መኪናዎች በዚያች ጠባብ ኩርባ ላይ ተያይተው፣ ተዛዝለው፣ በሰላም ሲተላለፉ ያን ጊዜ መብራቱ በደኅና ተመርጧል።