የቅንድብ ቀለምና የአንዲት መስመር ጽሑፍ ታሪክ

በቅርቡ በአንድ ምሽት ታናሽ እኅቴ ከጠጉሯ የተረፈውን ጥቁር ቀለም በትንሽ ሳህን ይዛ መስተዋት ፊት ተቀመጠች። ለዘመድ ሠርግ ቅንድቧን በገዛ እጇ ልታጠቁር አስባ ነበር። ቀለሙ የመጣበትን ካርቶን አንሥቼ ሳገላብጥ በደቃቅ ፊደል የታተመ አንድ የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ አገኘሁ። ይህ ቀለም ሽፋሽፍትንና ቅንድብን ለማቅለም ሊውል እንደማይገባ፣ ቢውል ግን ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል ይናገራል። ተርጉሜ ብነግራት ሳህኑን አስቀመጠች። እኔ ግን ያቺ መስመር በምን ምክንያት እንደ ተጻፈች ማሰቤን አልተውሁም።

ቅንድብንና ዓይንን ማስዋብ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ ወንዱም ሴቱም ይኳል እንደ ነበር ሥዕሎቻቸውና ከመቃብር የወጡት የኩል ዕቃዎች ይመሰክራሉ። የእኛም ቋንቋ «ተኳለች»፣ «ተቀነደበች» የሚሉ ግሦች ያሉት መሆኑ ልማዱ በኅብረተሰባችን ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ያስረዳል። ሆኖም በዘመናችን የቅንድብን መልክ ከአገር አገር ያዛመተው ሲኒማ ነው። ድምፅ አልባው ፊልም አንደበት ስላልነበረው ተዋናይቱ ኀዘኗንም ጥርጣሬዋንም በቅንድቧ መናገር ነበረባት። ድምፅ ከመጣም በኋላ፣ በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእነ ግሬታ ጋርቦና የማርሌን ዲትሪች ቀጭን ቅንድብ በሸራው ላይ ገዝፎ ሲታይ፣ ተመልካቿ ሴት ያንን ፊት በየቤቷ መስተዋት ለመቅዳት ትሞክር ነበር።

«ላሽ ሉር» የተባለው የሽፋሽፍትና የቅንድብ ማቅለሚያ በአሜሪካ ገበያ የታየው በዚሁ ዘመን ነው። እንደ ኩል ታጥቦ የሚለቅ ሳይሆን ጠጉሩን ዘልቆ የሚያቀልም ነበር። በውስጡ የነበረው ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለ ንጥረ ነገር ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ከሚገኙት የቀለም ዘሮች አንዱ ነው። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር አንድ ጊዜ እንደ ጠላት ከለየው በሌላ ጊዜ ሲነካው በብርቱ ይቆጣል፤ ስለዚህ ትናንት ያልጎዳ ቀለም ዛሬ ሊያቆስል ይችላል። የዓይን ቆብ ደግሞ ቆዳው እጅግ የሳሳ ነው። በ1933 በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ አንዲት ሴት ለግብዣ ለመዋብ ብላ በውበት ሳሎን ይህን ቀለም ተቀብታ ዓይኖቿ ታወሩ። ሌሎችም ሴቶች ተጎዱ፤ ቁስሏ አመርቅዞ የሞተችም ነበረች።

«ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» ይላል ያገራችን ብሂል። እንደ ተውኔት ጸሐፊ ስመረምረው በዚህ ብሂል መድረክ ላይ የማያት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ጥፋቱም የእርሷ ብቻ ነው። ታሪክ መጋረጃውን ሲገልጥ ግን ሌሎች ገጸ ባሕርያት ብቅ ይላሉ። አንደኛው ቀለሙን በውበት ተስፋ ጠቅልሎ የሸጠው ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ዝም ያለው ሕግ ነው። በ1906 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ምግብንና መድኃኒትን እንጂ መዋቢያን አይመለከትም ነበር፤ ስለዚህ የመንግሥት ሹማምንት ጉዳቱን እያወቁ ቀለሙን ከገበያ ለማንሣት ሥልጣን አልነበራቸውም።

የቀራቸው መንገድ ማሳየት ብቻ ነበር። በ1933 አደገኛ ሸቀጦችንና የተጎጂዎችን ፎቶግራፍ በዐውደ ርእይ አቀረቡ፤ ዐውደ ርእዩም «የዘግናኝ ነገሮች አዳራሽ» የሚል ስም ወጣለት። በዚያው ዓመት ለሴኔት የቀረበው አዲስ ረቂቅ ሕግ ግን የአምራቾች ተቃውሞ እየገጠመው አምስት ዓመት ተጓተተ። በ1937 «ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ» የተባለ መርዛማ ፈሳሽ መድኃኒት ከመቶ በላይ ሰዎችን፣ ከእነርሱም ብዙ ሕፃናትን ከፈጀ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን ሰኔ 25 ቀን 1938 ፈረሙበት። መዋቢያም በቁጥጥር ሥር ዋለ፤ ላሽ ሉርም ከገበያ ተወገደ።

ይሁን እንጂ ከሬንጅ የሚሠሩት የጠጉር ቀለሞች በሙሉ አልታገዱም። ማስጠንቀቂያ ከተጻፈባቸውና አስቀድሞ በቆዳ ላይ የሚሞከሩበት መመሪያ ከታከለባቸው እንዲሸጡ ሕጉ ፈቀደ። በእኅቴ ካርቶን ላይ ያየኋት መስመር ከዚያ የመጣች ናት። ስለዚህ ድልም ናት፣ ለነጋዴው የተተወች በርም ናት፤ ቀለሙን በሽያጩ ላይ ትታ ጥንቃቄውን ለገዢዋ አሸክማለችና።

እኅቴ ታሪኩን ሰምታ ስታበቃ፣ «እንግሊዝኛ የማታነብ ብሆንስ? አንተስ ባትኖር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ማስጠንቀቂያ በአንባቢው ቋንቋ ካልተጻፈ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ለተማሪዎቻችን ያንን ብሂል ስናስተምር እርሷን ብቻ ለፍርድ አቁመን ከምናልፍ፣ ቀለሙን ማን ሸጠላት፣ ማንስ ሳይነግራት ቀረ ብለን አብረን ብንጠይቅ መልካም ነው። እኅቴ ወደ ሠርጉ በተፈጥሮ ቅንድቧ ሄደች። ካርቶኑን አልጣልሁትም፤ ለጎረቤቶቻችን እንድናነብላቸው ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ በጀርባው ላይ ጽፌበታለሁ።