የመድፉ መንገድ

ስለ ሰው ልጅ ጠባይ የሚጻፉ ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ ምግባርን በአንድ ወገን፣ ከንቱ ክብርን በሌላ ወገን አቁመው ያነጻጽራሉ። ደጉ ትሑት፣ ክፉው ትዕቢተኛ ሆኖ ይቀርባል። ታሪክ ግን እንዲህ ያለውን አከፋፈል እምብዛም አይቀበልም። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተጠረገውን መንገድ ያስታወሰ ሰው፣ ሁለቱ በአንድ ልብ ብቻ ሳይሆን በአንድ ሥራ ውስጥ ተጋግዘው ሊገኙ እንደሚችሉ ይገነዘባል።

ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲደፉ፣ በመሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ የማድረግ ዓላማ ይዘው ነበር። ስለ ዓላማው ታላቅነት እዚህ መከራከር አያስፈልግም። ነገር ግን ከቋራው ካሳ ጋር አብሮ ያደገ አንድ ቁስል ነበረ። ባላጋራዎቻቸው እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ዙፋኑን በገዛ ክንዳቸው ያገኙት ሰው፣ ከነገሡ በኋላ የዘር ሐረጋቸውን ከሰሎሞን ቤት መዘዙ። ክንዳቸው ብቻውን በቂ መስሎ አልታያቸውም። በእኔ አስተያየት የሴባስቶፖል ታሪክ የሚጀምረው ጋፋት ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት የሰፈሩት አውሮፓውያን፣ ዋልድማየርን የመሳሰሉት፣ ለወንጌል ሥራ የመጡ የእጅ ሙያተኞች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ንጉሡ ግን መሣሪያ ከውጭ ከመለመን ይልቅ ጥበቡ በአገር ውስጥ እንዲተከል ፈለጉ። ይህ በማንኛውም ሚዛን ቢመዘን ምግባር ነው። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ሎንዶን ደርሶ ያለ መልስ ቀረ። በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። ለደብዳቤ መልስ መንፈግ ንቀት ነው፤ የተናቀ ሰው ግን የበደለውን ትቶ በእጁ የገባውን ሲቀጣ፣ ቁጣው ከፍትሕ ይልቅ ለክብሩ የቆመ መሆኑን ያሳብቃል።

ከጋፋት ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው መድፍ ነበር። ስሙም በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ ተወስዶ ሴባስቶፖል ተባለ። ንጉሡ መስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ ግዛታቸው ተመናምኖ፣ አብዛኛው አገር ከድቷቸው ነበር። የቀራቸው የታማኞች ሠራዊት፣ እስረኞችና መድፉ ነበር።

መድፉ ግን መንገድ ይፈልጋል። በወድላ በኩል ወደ ጅጣ ሸለቆ ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ደላንታ ሽቅብ፣ እንደገና ወደ በሽሎ ቁልቁል የሚወርድ የሠረገላ መንገድ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም። ዐለት ተፈለጠ፣ ገደል ተናደ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ፣ መንገድ ይጠርጉ ነበር። ንጉሥ እንደ ማንኛውም ጉልበተኛ ሲያልበው ማየት የመኳንንቱን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም። ከጠላት ጦር ጋር የመጣው እንግሊዛዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ማርካም እንኳ ያንን መንገድ በአድናቆት መዝግቦታል። ሥራው ወደ ግማሽ ዓመት ፈጀ። አንድ ሰው ብቻውን ሊሻገረው የሚሳሳለትን ሸለቆ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየሳቡ ብረቱን አሻገሩት። የሳቢዎቹን ስም የጻፈ የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቴአትር ብፈጥረው ተመልካች ባላመነኝ ነበር። ከዙላ ወደብ ተነሥቶ የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ቤተ ሆር ሲደርስ የተጠረገ መንገድ ተዘጋጅቶ ቆየው። የጅጣን ሸለቆ የተሻገረው ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል በጠረጉት መንገድ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ አሮጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ከንጉሡ መድፎች አንዱ ባሩድ በዝቶበት ፈነዳ፤ ሴባስቶፖል ለውጊያው አንዳች ፋይዳ አልሰጠም። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ። ከኋላው በሚጎርሰው የስናይደር ጠመንጃ ፊት ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ በትንሣኤ ማግስት፣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው ከዚያችው ከቪክቶሪያ በተላከላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ናፒየርም አገሩ ሲገባ የመቅደላ ሎርድ ተባለ። ለክብር መጓጓት የአንድ ወገን ጠባይ ብቻ አልነበረምና ይህን መጥቀስ ይገባል።

እኛ የቴአትር ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ሽጉጡን እንወዳለን። እኔም ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ቴዎድሮስ አንድ ተውኔት ጽፌ ነበር። መድፉ ከጣውላና ከካርቶን ተሠርቶ ሁለት ወጣቶች እየገፉ ወደ መድረክ ሲያወጡት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ከወጣቶቹ አንዱ መድፉን በአንድ እጁ አንሥቶ ወደ ዕቃ ቤት ይዞት ሲሄድ አየሁት። ያኔ ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው ክብደቱን ያወለቅንለት እኛ ነን። የሚያስጨበጭበውን ይዘን፣ የሚያስጎነብሰውን ትተናል።

ከስቅለት በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ የሆነውን በተውኔቴ ውስጥ አላስገባሁትም። ያን ቀን ንጉሡ ከኢትዮጵያውያን እስረኞቻቸው አንዳንዶቹን ፈትተው ነበር። የቀሩት ከእነሰንሰለታቸው ሆነው ስለ እንጀራና ስለ ውሃ ጮኹ። ንጉሡ በቁጣ ወጡ፤ በመቶ የሚቆጠሩ እስረኞች ከገደል ተወረወሩ፤ ሕይወታቸው ያላለፈውም በጥይት ተገደሉ። ከሁለትና ከሦስት ቀናት በኋላ ግን እኒያው ንጉሥ አውሮፓውያኑን እስረኞች አንድ ጠጉር ሳይነኩ ለጠላት ላኩ። ድንጋይ የተሸከመው፣ እስረኛ የወረወረውና እስረኛ የፈታው እጅ አንድ ነው። ባዕዳኑን ያዳነው ርኅራኄ ነው ወይስ በዓለም ፊት የመታየት ፍላጎት? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል፤ ማንኛው እንደሚበልጥ ግን ንጉሡ ራሳቸው ቢጠየቁ የሚያውቁት አይመስለኝም።

በጽሑፌ የመጨረሻ ትዕይንት ለንጉሡ አንድ ረጅም ንግግር ሰጥቻቸው ነበር። ለእስረኞቹ አንድም ቃል አልሰጠሁም። አልነበሩምና። የመድፉ ምስል አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ዋናው ዛሬም መቅደላ አናት ላይ ነው፤ ያንን ሁሉ ሸለቆ ተሻግሮ የመጣ ብረት፣ ከዚያ ወዲያ ያነቃነቀው የለም።