ሽቅብ የሚወጣ የሚመስለው መኪና



እንደሚታወቀው፣ በአገር ቤት ተራራ እየወጣን እናከብረው የነበረውን የስግድ በዓል ዛሬ ከኪሪያት ማላኺ፣ ከገዴራ፣ ከያቭኔና ከሌሎችም ከተሞች በአውቶቡስ ወደ ኢየሩሳሌም እየወጣን፣ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በአርሞን ሀናጺቭ ኮረብታ ላይ እናከብረዋለን። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኖአል። ከዚያው ኮረብታ አጠገብ፣ ጀበል ሙካበር በሚባለው የዓረቦች ሰፈር፣ ብዙ ጎብኚ የሚገረምበት መንገድ አለ። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ፣ ማርሹን ነጻ አድርጎ ፍሬኑን ሲለቅ፣ መኪናው ማንም ሳይገፋው ሽቅብ የሚወጣ ይመስላል።

የአካባቢው ስሞች ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። አርሞን ሀናጺቭ ማለት የገዥው ቤተ መንግሥት ማለት ሲሆን፣ እንግሊዞች አገሩን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ለከፍተኛ ኮሚሽነራቸው የሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1931 የተጠናቀቀ ሕንፃ ነው። ከ1948 ወዲህ የተባበሩት መንግሥታት የጦር ማቆም ታዛቢዎች ይዘውታል። ጀበል ሙካበር ደግሞ የተክቢራ ተራራ እንደ ማለት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ኸሊፋ ዑመር በ7ኛው መቶ ዓመት ኢየሩሳሌምን ከዚህ ሆኖ ባየ ጊዜ «አላሁ አክበር» አለ።

እንዲህ ያሉ መንገዶች በሌሎች አገሮችም ይገኛሉ፤ የእነሱም ስም የዘመኑን ሰው አሳብ ያሳያል። በስኮትላንድ፣ በኤርሻየር አውራጃ ያለው «የኤሌክትሪክ ዳገት» ይባላል። ስሙ የወጣለት ኤሌክትሪክ ገና አዲስ ነገር በነበረበት ጊዜ ሲሆን፣ ሰዎች መኪናውን የሚስበው እሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በካናዳ ሞንክተን ከተማ አጠገብ ያለው ደግሞ «የማግኔት ኮረብታ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ጋዜጠኞች ሄደው ከሞከሩትና ከጻፉለት በኋላ ዝናው ገነነ። ሰው ምክንያቱን ባላወቀው ነገር ላይ ሁሉ በዘመኑ የሚያስደንቀውን ኃይል ስም ይለጥፍበታል።

እውነቱ ግን ማግኔትም መንፈስም የለበትም። የስኮትላንዱ መንገድ ተለክቶ በ86 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ያህል ብቻ እንደሚያዘነብል ታውቋል፤ ዓይን ግን ዝቅ ያለውን ጫፍ ከፍ ያለ አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጣሊያን የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፓኦላ ብሬሳንና ባልደረቦቻቸው የእነዚህን መንገዶች ትንንሽ ሞዴል ሠርተው ለሰዎች በማሳየት ጉዳዩን መርምረዋል። ዓይናችን ቁልቁለትንና ዳገትን የሚለየው በአድማሱና በአካባቢው ባለው ነገር ነው። እውነተኛው አድማስ ሲሸፈን፣ ወይም ቀላል ቁልቁለት ከኃይለኛ ቁልቁለት ጋር ሲገናኝ፣ ቀላሉ ዳገት ሆኖ ይታያል። ይህም የተማረውንም ያልተማረውንም እኩል ያታልላል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው እንኳ ተመልሶ ሲያይ ያው ዳገት ነው የሚታየው።

ይህን የምጽፈው ለመዝናኛ ብቻ አይደለም። በማኅበራዊ ሥራ ከቤተሰቦች ጋር ስነጋገር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ልጆች ዕብራይስጡን ቶሎ ይይዛሉ፤ ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ያነባሉ፤ በሐኪም ፊት ያስተረጉማሉ። ቀስ በቀስ «አባዬ ምን ያውቃል?» ማለት ይጀመራል፤ አባትም በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ዝም ይላል። ነገር ግን አባት በአገር ቤት ምን ይሠራ እንደነበር ልጁ ጠይቆ ያውቃልን? ክረምት ሲገባ በእርሻው ላይ ፈሰስ ያወጣ ነበር። ፈሰሱ ከመጠን በላይ ካዘነበለ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፤ ካነሰ ደግሞ ውሃው ተኝቶ እህሉን ያበሰብሳል። ስለዚህ ገበሬ መሬቱን በዓይኑ አይቶ ብቻ አያምንም፤ ውሃው የሚሄድበትን ይከታተላል። ግንበኛም ቢሆን ግድግዳውን በቱንቢ፣ ወለሉን በውሃ ልክ ይፈትናል እንጂ «ቀጥ ያለ ይመስለኛል» ብሎ አይተወውም።

በዚያ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው እውቀት ይኸው ነው። መኪናው በተንከባለለበት ቦታ ከጠርሙስ ጥቂት ውሃ ቢፈስ፣ ውሃው መኪናው ወደ ሄደበት ይሄዳል፤ እሱም ለዓይን ሽቅብ የሚወጣ ይመስላል። ውሃ ግን ሽቅብ አይፈስም። እንግዲያው ዳገት የመሰለን ቁልቁለት ነበር ማለት ነው። ልጅ ስለ አድማሱ ያነበበውን፣ አባት ስለ ውሃው የሚያውቀውን ቢያዋጡ ሁለቱ አንድ እውነት ላይ ይገናኛሉ።

ለመሄድ ለምታስቡ ቤተሰቦች ጥቂት ምክር ልስጥ። ከስግድ ቀን ሌላ፣ ሕዝብ የማይበዛበትን ቀን ምረጡ። መንገዱ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነውና በአክብሮት ሂዱ። ከኋላ መኪና እየመጣ ፍሬን አትልቀቁ፤ ልጆች ከመኪናው ፊትም ኋላም አይቁሙ። የውሃ ጠርሙስ መያዝም አትርሱ፤ ውሃውን የሚያፈሱት ግን አባት ወይም እናት ይሁኑ።

መልካም ጉዞ።